የአንድ ድንጋይ ልጆች

ያ ዓመት ክፉ ነበር። መጀመሪያ ነጭ ጋዝ ጠፋ፤ ቀጥሎ ናፍጣ። ጀልባዎቹ አሸዋው ላይ ተጎትተው ወጡና እዚያው ቀሩ። መብራት ሲመጣ ማንም ሳይጠብቀው ይመጣል፤ ሥራ ሳያሠራ ይሄዳል። የዱቄት ወተት ከሱቅ ጠፋ፣ መድኃኒት ጠፋ። ሰው ለማብሰያ ጋዝ ተሰልፎ ያድራል፤ ሰልፍ ላይ ወድቆ የቀረም አለ። ሩዝ ያለው የኮኮናት ቅርፊት አንድዶ ይቀቅላል፤ የሌለው የጎረቤቱን ጭስ ያያል። በመንደሩ ሳይጣላ የሚውል ቤት አልነበረም። ወንድማማቾች ለአንድ ጆግ ጋዝ ተፈነካከቱ። ቄሱ በጾሙ ስብከታቸው ስለ ትዕግሥት መናገር ትተው ነበር።

እኛ የሚበላ ዓሣ አናጠምድም። ጠላቂዎች ነን። የምንይዘው የሚያምረውን ነው፤ በሕይወቱ፣ ቅርፊቱ ሳይላጥ፣ ክንፉ ሳይቀደድ። ነጋዴው፣ ሙዳላሊ የምንለው፣ ከኮሎምቦ መኪና ይልካል። ዓሣው ውኃና አየር ባለው ፌስታል ይታሸጋል፤ በአውሮፕላን ይሄዳል፤ አይተን በማናውቀው አገር፣ አይተውን በማያውቁ ሰዎች ሳሎን፣ መስታወት ውስጥ ይኖራል። ከገና እስከ ፋሲካ ባሕሩ ጸጥ ሲል እንጠልቃለን። ከፋሲካ በኋላ የደቡብ ምዕራቡ ነፋስ ይነሳና ባሕሩ ይዘጋል። በዚያ ዓመት ግን ባሕሩ ሳይዘጋ እኛ ተዘጋን። ሲሊንደሮቻችንን አየር የሚሞላው ሞተር በናፍጣ ነው የሚሠራው። እኔ ዘንድ ትንሽ አየር የቀረው አንድ ሲሊንደር ነበር። አልጋዬ ሥር አስገብቼ በማቅ ሸፈንኩት።

የምይዘውን ሁሉ የማስረክበው ለፔሊስ ነበር። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ አያ ነው የምለው። እግሮቹ አይታዘዙለትም። ወጣቶች ሳለን ትልቁ ድንጋይ ሥር ስንሠራ መረቤ ቋጥኝ ላይ ተጠላለፈና ያዘኝ። ባሕር ውስጥ የሚያድገውን፣ ዓሣ የሚኖርበትን ኮራል እኛ ድንጋይ ነው የምንለው። አየሬ አለቀ። ፔሊስ ወደ ላይ መውጣት ጀምሮ ነበር። ዞሮ አየኝና ተመለሰ። የሚተነፍስበትን ጎማ ከአፉ አውጥቶ አፌ ውስጥ ከተተው። መረቡን ቆረጠ። አንድ ትንፋሽ ለእኔ፣ አንድ ለእሱ እያልን መውጣት ጀመርን። አየሩ ሊያልቅ ሲል የቀረውን ለእኔ ተወና ብቻውን እንደ ቡሽ ተስፈንጥሮ ወጣ። ከጥልቅ እንደዚያ የወጣ ሰው ደሙ ውስጥ አረፋ ይገባል። እንደ ልማዳችን በሌላ ሲሊንደር መልሰን አወረድነው፤ አንዳንዱን ያድነዋል። የእሱን እግር ግን አላዳነም።

ስለዚያ ቀን አይናገርም ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሚስቱ ቀብር ማግስት፣ የኮኮናት አረቄ ይዘን ተቀምጠን ሳለ፣ ባልጠበቅሁት ሰዓት አነሳው።

«ጆኪኑ፣ አንድ ቀን አንድ ነገር እለምንሃለሁ። ያን ቀን አይሆንም እንዳትለኝ።»

«ምንድን ነው አያ?»

«እሱ ሲደርስ ነው። አሁን ቅዳ።»

ከዚያ በኋላ ደግሞ አላነሳውም። እኔ ግን አልረሳሁትም። ባሕር ላይ በወጣሁ ቁጥር የምተነፍሰው የእሱን እንደሆነ አውቃለሁ።

ዓሣው የሚቆይባቸው ገንዳዎች ከፔሊስ ቤት ጓሮ፣ በኮኮናት ቅጠል በተከደነ ዳስ ሥር ተደርድረዋል። ከዳሱ ባሻገር አሸዋው ነው፤ ከአሸዋው ባሻገር ባሕሩ። ፔሊስ በተሽከርካሪ ወንበሩ በገንዳዎቹ መሐል እየተመላለሰ ይውላል። ሥራው መለየት ነበር። የሚያምር ዓሣ ሁሉ ጠበኛ ነው። ጅራቱ ሥር ምላጭ ያለው ሰማያዊ ዓሣ የራሱን አምሳያ ካየ ሳይቆራርጠው አይተኛም። ብርቱካናማዎቹ ባልና ሚስት ለሌላው አይደርሱም፤ ቤታቸው አጠገብ የደረሰውን ግን ያሳድዳሉ። ቀይና ነጭ ባለ መስመሮቹ ሽሪምፖች ማንንም አይነኩም፤ የዓሣዎቹን ቆዳ እየለቀሙ ያጸዳሉ፤ ስለዚህ ሁሉም ይወዳቸዋል፤ ከአንዱ በቀር።

አንዱ ራላሃሚ ነው። እኛ ዘንድ ፖሊስን በአክብሮት ስንጠራው ራላሃሚ እንላለን። ጥቁር ነው፤ ሆዱ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ የሆኑ ነጭ ነጠብጣቦች አሉት፤ አፉ ቢጫ ነው፤ ጥርሱ የዛጎል ቅርፊት ይሰብራል። ከትልቁ ድንጋይ እኔ ነኝ ያመጣሁት። ስይዘው ከንፈሩ ተሰነጠቀ፤ ሙዳላሊው ጠባሳ ያለበት አልፈልግም ብሎ መለሰው። ፔሊስ ለብቻው ገንዳ ሰጠው። ዓመታት አለፉ። ዓሣው የወንበሩን መንኮራኩር ድምፅ ያውቃል፤ ሲሰማ ወደ ላይ ወጥቶ ፊቱ ላይ ውኃ ይተፋበታል።

«ሰላምታው ነው» ይላል ፔሊስ ፊቱን እየጠረገ። «ከአማቼ ሰላምታ ይሻላል።»

አማቹ ክሌተስ ኩሩኔጋላ ውስጥ አውቶቡስ ይነዳል። ኩሩኔጋላ ከባሕር የራቀ የመሐል አገር ከተማ ነው። በጾሙ አጋማሽ ከሚስቱ ከስቴላ ጋር፣ በሰው መኪና መጣ። ስቴላ የፔሊስ አንድያ ልጅ ናት። ወጥ ቤት ገባች፤ ድስቶቹን ከፈተች፤ ዘጋች።

«አባባ፣ እዚህ ምን ትበላለህ?»

«ሩዝ።»

«በምን?»

«በእጄ።»

«አባባ!»

«ምን ላድርግ? ማንኪያ አለኝ ልበልሽ?»

ክሌተስ አልሳቀም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የደከመው ነበር። ጎንበስ ብሎ ለፔሊስ ተናገረ።

«አባቴ፣ ቀልዱ ይቆየን። መድኃኒትዎ አልቋል፣ የሚያመላልስዎ የለም፣ እሷ እንቅልፍ አጥታለች። እንደ ሰው እንነጋገር። ሙዳላሊው ከፋሲካ በኋላ መኪና ይልካል ብለውኛል። ዓሣው ከሄደና ራስዎን ከቻሉ እስከ ከርሞ ፋሲካ አፌን አልከፍትም። ካልሆነ ግን ከእኛ ጋር ይሄዳሉ።»

«ኩሩኔጋላ ባሕር አለ እንዴ?»

«ሐይቅ አለ። ትልቅ ነው፤ ከደጃችን ይታያል።»

«ጨው አለው?»

«ሐይቅ ምን ጨው ይኖረዋል?»

«እንግዲያው ሻይ ነው» አለ ፔሊስ።

ሲሄዱ መኪናው ከዓይን እስኪጠፋ እጁን አነሳላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞር፣ «እዚያ ከወሰዱኝ ነፋሱ እስኪበርድ አልቆይም» አለ። እንዲህ ያለ ነገር ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር። ወንበሩን ወደ ገንዳዎቹ ገፋ።

መብራት በነበረ ጊዜ እያንዳንዱ ገንዳ የአየር ፓምፕ ነበረው። አሁን የጎረቤት ባጃጅ ባትሪ ተዋስን፤ ባትሪው የሚያንቀሳቅሰው አንዲት ትንሽ ፓምፕ ብቻ ነው። አንዲት ፓምፕ ለአንድ ገንዳ ነው። ፔሊስ ለረጅም ጊዜ አሰበ። በመጨረሻም ትልቁን የሲሚንቶ ገንዳ አሳየኝና፣ «ሁሉንም እዚያ» አለኝ።

«ሁሉንም?»

«የአንድ ድንጋይ ልጆች ናቸው። ሁሉንም ከትልቁ ድንጋይ ነው ያመጣኻቸው። የአንድ ድንጋይ ልጆች አይበላሉም።»

ይህ የጠላቂዎች አባባል ነው፤ አባቶቻችንም ይሉት ነበር። ከአንድ ድንጋይ የተያዙትን አብረን እናጓጉዛለን፤ መንገዱ አጭር ስለሆነ አይጣሉም።

«አያ፣ እዚያ እኮ መሸሻ ነበራቸው» አልኩት።

«ሌላ ምክር አለህ?»

አንድ በአንድ ቀድቼ አዛወርኳቸው። ራላሃሚን መጨረሻ ላይ አስገባነው፤ የኋላ ገቢ እንግዳ ስለሚሆን አንገቱን ይደፋል። ይህም የጠላቂዎች አባባል ነው። እሱ አንገቱን የደፋው እስከ ማግስቱ ጠዋት ነበር።

ጠዋት ስመጣ አንዱ ባለ ምላጭ ጥግ ላይ ተለጥፎ ጎኑ ተተልትሏል። ሽሪምፖቹ ከድንጋይ ሥር አልወጡም። ራላሃሚ በገንዳው መሐል በእርጋታ ይዞራል፤ ግብር እንደሚሰበስብ ሰው በየጉድጓዱ ደጃፍ ቆም እያለ።

ፔሊስ የሚያውቀውን ሁሉ አደረገ። በገንዳው ውስጥ ያሉትን ድንጋዮች አስወጥቶኝ በሌላ ቦታ አስደረደረኝ፤ ድንበር ያለው ይጣላል፤ ድንበሩ ሲጠፋበት ቤት ይፈልጋል እንጂ አይጣላም። ያ ለጥቂት ቀን ሠራ። ከዚያ ገንዳውን በማቅ አለበስን፤ ጨለማ ያበርዳቸዋል። ለሁለቱ ባለ ምላጮች ደግሞ የመላጫ መስታወቱን በክር አስሮ ውኃው ውስጥ ሰቀለ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ከራሱ ጋር ሲጣላ ይዋል። ከራሱ ጋር የሚጣላ ለሌላው ጊዜ የለውም።»

ጉልበተኛው ባለ ምላጭ መስታወቱን ሲገጭ ዋለ። ደካማው በላ። እኔ ባሕሩ በሚሸሽበት ሰዓት ከቋጥኝ ሥር ትናንሽ ሸርጣን እየለቀምኩ አመጣ ነበር፤ የጠገበ ጥርሱን ይረሳል ብለን። ለሁሉም አይበቃም። እኛም አልጠገብንም።

አንድ ቀን ባትሪው ሞተ። ዓሣዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር። ፔሊስ ወደ ቤቴ አቅጣጫ ተመለከተ። ሄጄ ሲሊንደሩን አመጣሁ። ቀጭን ቱቦ አስገብተን፣ ቁልፉን እንደ ፀጉር ቀዳዳ ብቻ ከፍተን፣ አየሩን ወደ ገንዳው አረፋ አረፋ እያደረግን ለቀቅነው። ባትሪው ሌላ ቤት ተሞልቶ እስኪመለስ ተነፈሱ።

ቁልፉን ሲዘጋ ጆሮውን ሲሊንደሩ ላይ አስደግፎ፣ «ምን ቀረው?» አለኝ።

«ለአጭር ጊዜ አንዴ ጠልቆ ለመውጣት።»

«ደብቀው።»

በሆሣዕና ሳምንት ራላሃሚ የብርቱካናማዋን ሚስት ገደለ። ዓይኗን ነው መጀመሪያ ያወጣው። ባሏ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሬሳዋን አላስነካም ብሎ ይሟገት ነበር። ፔሊስ ይህን ሲያይ በሕይወቴ ያላየሁትን ቁጣ ተቆጣ።

«ባለጌ! አንተ ሌባ! በልተህ አይደል ያደርከው! ጆኪኑ፣ ያን ቅርጫት አምጣ!»

ሩዝ የሚታጠብበት ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ቅርጫት ነበር። ራላሃሚን በመረብ አሳድጄ ያዝኩት፤ ለመያዝ እስከ ወገቤ ገንዳው ውስጥ ገባሁ፤ አውራ ጣቴን ነከሰኝ። ቅርጫቱ ውስጥ ከትተን በሌላ ቅርጫት ከደንነው። ፔሊስ ራሱ በዓሣ ማጥመጃ ክር ዙሪያውን ሰፋው፤ በጠላቂ ቋጠሮ ቋጠረው። ቅርጫቱን ከገንዳው ጥግ አስረን አንሳፈፍነው። በዚያው ውኃ ይተነፍሳል፤ ማንንም አይነካም።

ገንዳው በዚያው ዕለት ተለወጠ። ሽሪምፖቹ ወጡ። ባለ ምላጮቹ ተሰልፈው ጎናቸውን ይሰጧቸዋል፤ እነሱም ቁስሉን ይለቅማሉ። ፔሊስ እያየ ቆየ።

«ለሙዳላሊው ይበቃል» አለ።

«ይበቃል አያ።»

«ስቴላን ደውልላት። ዓሣው ደህና ነው በላት።»

ደወልኩ። ስቴላ፣ «አጎቴ፣ እሱስ ደህና ነው?» አለችኝ። ደህና ነው አልኳት። በዚያን ቀን ደህና ነበር።

ስቅለት ደረሰ።

በመንደራችን በስቅለት ቀን የታሰረ ነገር አይውልም። ጌታ የታሰረበት ቀን ነው፤ ሌላ እስረኛ በቤታችን አይኖርም። ውሻ ከሰንሰለቱ ይፈታል። ፍየል ከካስማው ይለቀቃል፤ የጎረቤት ጎመን ቢበላ ማንም አይቆጣም። በቀቀን ያለው የጎጆውን በር ከፍቶ ይተወዋል። ሴቶች ፀጉራቸውን ይፈታሉ። መረብ ከታጠፈበት ይዘረጋል። ማታ ሥርዓቱ ሲያልቅ ሁሉም ተመልሶ ይታሰራል። የፔሊስ ሚስት በሕይወት ሳለች የወንዶቹን የሽርጥ ቋጠሮ ሳይቀር ታላላ ነበር ይላሉ።

ጠዋት ስመጣ ፔሊስ ከገንዳው አጠገብ ተቀምጦ ቅርጫቱን ያያል። ራላሃሚ ቅርጫቱ ውስጥ በጎኑ ተኝቷል። ምግብ ትቷል፤ ቀለሙ እንደ አመድ ሆኗል።

«አያ፣ እንዳትፈታው» አልኩት።

«ምን አልኩ?»

«ገና ምንም አላልክም።»

«ውሻህን ፈትተሃል?»

«ፈትቻለሁ።»

«ሰው ይነክሳል እኮ ውሻህ።»

«ውሻ ሌላ፣ ዓሣ ሌላ። ዓሣ ስቅለት አያውቅም።»

«ውሻ ያውቃል?»

«እስከ ሰኞ ነው» አልኩት። «ሰኞ ሙዳላሊው ይወስዳቸዋል፤ ከዚያ ትፈታዋለህ።»

ራሱን ነቀነቀ። እሺ ማለቱ መስሎኝ ነበር። ሥርዓቱ ከቀትር በኋላ ነው። እሱን ከነወንበሩ ለመሸከም ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ በዚያ ዓመት ደግሞ ሁሉም ደክሞት ነበርና እሱ ቤት ቀረ። መንደሩ በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ገባ። በስቅለት ደወል አይደወልም፤ በእንጨት ማንኳኳያ ነው የሚጠራው። ልጆቹ ከበር እስከ በር እየዞሩ ያንኳኳሉ፤ ድምፁ ጆሮ ይቀድዳል። የሞተውን ጌታ ምስል በትከሻችን ይዘን በመንደሩ ዞርን። በፔሊስ ቤት በኩል ባለው መንገድ ስናልፍ ሰው የጮኸ መሰለኝ። ማንኳኳያው ስለሚንጫጫ አልተጠራጠርኩም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሄድኩ። ከደጃፉ ነው ያወቅሁት፤ ዳሱ ውስጥ መንኮራኩር አይሰማም።

ፔሊስ ገንዳው ጠርዝ ላይ በደረቱ ተደፍቷል። እጅጌው እስከ ትከሻው ርሷል። እጁ ላይ አጭሩ መረብ አለ። ቅርጫቱ ተከፍቶ ይንሳፈፋል፤ ክሩ በሥርዓት ተፈትቶ ጠርዙ ላይ ተጠቅልሏል። የጠላቂ ቋጠሮ ሳይቆረጥ መፍታት ጊዜ ይወስዳል። ታግሦ ነው የፈታው።

ውኃው ላይ የሽሪምፕ ቀይ እግሮች ይንሳፈፋሉ። ብርቱካናማው ባል ግማሹ አለ። ባለ ምላጮቹ፣ ጉልበተኛውም ደካማውም፣ ከታች ተኝተዋል፤ የተረፈ ዓይን አልነበራቸውም። የመላጫው መስታወት ወድቆ የዳሱን ክዳን ያሳያል። ራላሃሚ በመሐል በእርጋታ ይዞራል። ቀለሙ ተመልሷል።

«ሥርዓቱ እስኪያልቅ ብቻ ነበር» አለ ፔሊስ።

ቅርጫቱን ከውኃው አወጣሁ።

«መጀመሪያ ምንም አላደረገም። ጥግ ይዞ ቆመ። እነሱም ተቀበሉት። ሽሪምፖቹ መጥተው ጎኑን አጸዱለት፤ ክሩ ያቆሰለውን። አየህ? ያጸዱት እነሱ ናቸው። ልጠራህ ነበር፣ ና እይ ልልህ፤ የአንድ ድንጋይ ልጆች አይበላሉም ልልህ።» መረቡን ጠርዙ ላይ አኖረው። «ከዚያ አንዷን ዋጠ። መረቡ አይደርስም። ወደ መሐል ሲሄድ አይደርስም። ጮህኩ።»

«ሰምቼሃለሁ መሰለኝ።»

«ይሁና። ማን በስቅለት ሬሳ ጥሎ ይመጣል?»

ረጅሙን መረብ አንስቼ ራላሃሚን ያዝኩት። ሲሚንቶው ላይ ልፈጠፍጠው እጄን አነሳሁ።

«ተው» አለ።

«አያ፣ ይሄ—»

«ተው አልኩህ። እኔ የፈታሁለትን ነው የበላው። ባልዲ ውስጥ ክተተው።»

ከተትኩት። የሞቱትን ለቀምኩ፤ አሸዋው ውስጥ ቀበርኳቸው፤ ለድመት ልሰጣቸው አልሆነልኝም። ስመለስ ፔሊስ ስልኬን ጠየቀኝ። ቁጥሩን እኔ መታሁለት።

«ስቴላ» አለ። «አዎ፣ በላሁ። አዎ። ክሌተስን በዪው፣ መኪናውን ለእሑድ ያድርገው።... አይደለም፣ አልታመምኩም። ኑ ብቻ።» ስልኩን መለሰልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት መጣሁ። አልተኛሁም ነበር፤ ያሰብኩትን ለመናገር ቸኩያለሁ።

«አያ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ለአንድ ጊዜ ይበቃል። ዛሬ ባሕሩ ገና አልተነሳም። እወርዳለሁ። ባለ ምላጭ አገኛለሁ፣ ሽሪምፕ አገኛለሁ። ሰኞ ሙዳላሊው ባዶ አይሄድም። ለስቴላ መልሰን እንደውልላታለን።»

ባሕሩን አየ። ከሩቅ፣ ከአድማሱ ላይ፣ የደቡብ ምዕራቡ ደመና ጫፉን አሳይቶ ነበር።

«ትልቁን ድንጋይ በመጨረሻ ስታየው ምን ይመስል ነበር?»

«ነጭ ነው። በሞቃቱ ውኃ ነጥቷል። ግን አልፎ አልፎ—»

«አልፎ አልፎ» አለ። «በአንድ ትንፋሽ፣ በአንተ ዕድሜ፣ ከነጣ ድንጋይ ላይ፣ መኪና የሚሞላ ዓሣ። አታላግጥብኝ ጆኪኑ።»

«ልሞክር።»

«አትሞክር።» ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ። «አንድ ነገር እለምንሃለሁ ብዬህ ነበር።»

የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። «አስታውሳለሁ።»

«ያን አየር ስጠኝ። ትልቁ ድንጋይ ድረስ ውሰደኝ። ይሄን ዱርዬ ቤቱ ላድርሰው። ከዚያ ይውሰዱኝ።»

የለመነኝን አውቄያለሁ። አየሩ ካለ ለሰኞ ቀጭን ተስፋ አለ፤ እሱ ከተነፈሰው የለም። ኩሩኔጋላ ሄዶ በሻይ ዳር ይቀመጣል። እሱም ያውቃል። ፊቱን አየሁት፤ ተስፋው ከትናንት ማታ ጀምሮ የለም። የቀረው ፍላጎት ብቻ ነበር።

አይሆንም አላልኩም።

ናፍጣ ስለሌለ በእንጨቷ ታንኳ ሄድን። በጀርባዬ ተሸከምኩት፤ እንደ ሕፃን ቀሎ ነበር። ራላሃሚ ክዳኑን በበሳሁት አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ፣ በፔሊስ ጭን መሐል። መቅዘፉ ረጅም ነው፤ አልተነጋገርንም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ትቀዝፋለህ ወይስ ወጥ ታማስላለህ?» አለኝ። «ወጥ ቢኖር አማስል ነበር» አልኩት።

የትልቁ ድንጋይ ራስ ጥልቅ አይደለም፤ ያኔ የወደቅንበት እግሩ ነው። ሲሊንደሩን ጀርባው ላይ አሰርኩለት፤ ክብደት ወገቡ ላይ፤ ገመድ ብብቱ ሥር። ጎማውን ነከሰ። ዓይኑን በመነጽሩ ውስጥ አየሁት፤ ከዚያ ወርዶ ሲሄድ ገመዱ በመዳፌ ሾለከ።

መነጽሬን አድርጌ ፊቴን ውኃው ላይ ደፋሁ። እዚያ እግር አያስፈልግም። እሱ በእጁ ብቻ፣ እንደ ድሮው፣ ድንጋዩን እየዳሰሰ ይሄድ ነበር። ድንጋዩ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው፤ አጥንት ይመስላል። አንዳች የሚንቀሳቀስ አልነበረም። ፔሊስ የጠርሙሱን ክዳን ፈታ። ራላሃሚ ወጣ፤ ቆመ፤ ወዲያና ወዲህ አየ። የሚጣላው አልነበረም። ተመልሶ መጣና የፔሊስን ጣት ነከሰ። ከዚያ ቀዝቀዝ ብሎ ሄዶ ከአንድ ጉድጓድ ገባ።

ፔሊስ አልወጣም። ጉድጓዱ ደጃፍ ላይ ተኝቶ ቀረ። አረፋው እየሳሳ መጣ። ገመዱን ነቀነቅሁ፤ አልመለሰልኝም። ደግሜ ነቀነቅሁ። ከዚያ ትንፋሼን ይዤ ወረድኩ።

አየኝ። ጎማውን ከአፉ አወጣና ወደ አፌ አመጣው፤ እጁ ያኔ የሄደችበትን መንገድ ሄደች። ክንዱን ያዝኩት። ራሴን ነቀነቅሁ። ጎማውን መልሼ አፉ ውስጥ ከተትኩት፣ በመዳፌም ያዝኩለት። ደረቴ ሊፈነዳ ደረሰ፤ እጄን አላነሳሁም። የቀረውን ሁለት ይሁን ሦስት ትንፋሽ እሱ ሳበው። የመጨረሻው ሲመጣ በፊቱ አወቅሁ። ያኔ በብብቱ ይዤ፣ ቀስ ብዬ፣ ያን ቀን ሊወጣ ይገባው በነበረው ልክ ቀስ ብዬ አወጣሁት።

ታንኳዋ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥለን ሳልን። ጎትቼ አስገባሁት። በጀርባው ተኝቶ ሰማዩን አየ፤ ደመናው ቀርቦ ነበር። ጣቱ ይደማል። ከባሕር ዳር፣ ከዳሱ ፊት ለፊት፣ መኪና ቆሞ አየሁ፤ ክሌተስ ከእሑድ ቀድሞ ደርሷል። ስቴላ አሸዋው ላይ ቆማ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ ትፈልገናለች።

ፔሊስም አየ። እጁን ወደ ሲሊንደሩ ሰደደ፤ ቁልፉን እስከ መጨረሻው ከፈተው። ድምፅ አልነበረውም።

«ዕዳህ ተከፍሏል» አለኝ።

መቅዘፊያውን አነሳሁ።